አልፎ አልፎ ለሚያስፈልግ የጡት ወተት ማለቢያ መሣሪያ አመራረጥ

የእናት ጡት ለሕፃን ምግብም መድኃኒትም መሆኑን በዚህ ጽሑፍ እንደ አዲስ ነገር ለማስረዳት አንነሣም። የደብረ ብርሃንና የአንኮበር እናት ይህን ከእናቷ ተምራዋለች። ዛሬ ልናስተምር ያሰብነው ከዚያ ቀጥሎ ስለሚመጣው ጥያቄ ነው። ይኸውም እናት ለጥቂት ሰዓት ከሕፃኗ ተለይታ በምትውልበት ቀን ወተቷን በምን አልባ፣ በምንስ ዕቃ አኑራ ትሂድ የሚለው ነው።

ጥያቄው ከሥራና ከዕረፍት ሒሳብ የመጣ ነው። ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ ከእናት ጡት በቀር ውሃ እንኳ ሳይቀምስ፣ ከዚያም ወዲያ ከተጨማሪ ምግብ ጋራ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ጡት እየጠባ እንዲያድግ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተወሰነው የድኅረ ወሊድ ዕረፍት ግን 90 ቀን ነው። እንግዲህ እናት ወደ ሥራዋ በምትመለስበት ጊዜ ሕፃኑ ጡት ብቻ የሚጠባባቸው 3 ወራት ገና ይቀሩታል ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ6 ወር በታች ከሆኑት ሕፃናት መካከል የእናት ጡት ብቻ ይመገቡ የነበሩት ከመቶ 58 ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. በተደረገውም 59 ነበሩ። የቀሩት ከመቶ 40 የሚሆኑት ጊዜው ሳይደርስ ውሃ ወይም ሌላ ነገር ጀምረው ነበር።

ስለዚህ ጉዳይ እንድንጽፍ ያነሣሣን አንድ አጋጣሚ ነው። ከአንኮበር በኩል ለሥልጠና ወደ ደብረ ብርሃን የመጣች አንዲት መምህርት ወደ ጽሕፈት ቤታችን ገብታ ከቦርሳዋ አንድ የማለቢያ መሣሪያ አወጣች። መሣሪያው ጡት ላይ የሚገጠም አፍና በእጅ የሚጨመቅ የጎማ ፊኛ ያለው፣ በዋጋውም ከሁሉ የረከሰው ዐይነት ነበር። እርስዋም በወር ሁለት ቀን ብቻ ስለምትሠራበት ከዚህ የበለጠ ገንዘብ ማውጣት እንዳላስፈለጋት ነገረችን። አሳቧ ትክክል ነበር። የ4 ወር ልጇን ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቅማጥ ይዞት ነበር። በፈቃዷ ፊኛውን በመቀስ ሰንጥቀን ብናየው፣ በውስጡ ወተት ረግቶና ተጋግሮ ሽታው ተለውጦ አገኘነው። እናቲቱ መሣሪያውን ሁልጊዜ ታጥበው ነበር፤ ነገር ግን እጅም ብሩሽም በማይገባበት ስፍራ ውሃ ብቻውን ንጽሕናን አያደርስም። የሕፃኑ ሕመም ከዚህ ብቻ መጣ ብለን አንፈርድም፤ ተቅማጥ ብዙ መንገድ አለውና። ይህኛው መንገድ ግን በገንዘብ ተገዝቶ ወደ ቤት የገባ ነበር።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። አልፎ አልፎ የሚሠራበት መሣሪያ ርካሽነቱ የሚለካው በሱቁ ዋጋ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ክፍሉ ተፈታትቶ፣ ታጥቦና በውሃ ተቀቅሎ ሊጸዳ በመቻሉ ነው።

1ኛ. ሒሳብን ስለ ማስቀደም

ወደ ሱቅ ከመሄዳችን በፊት እርሳስና ወረቀት እንያዝ። አንዲት እናት በወር 2 ቀን ለስብሰባ ወይም ለጉዞ ከሕፃኗ ተለይታ ብትውል፣ በ3 ወር ውስጥ 6 ቀን ይሆናል። በእያንዳንዱ ቀን 2 ጊዜ ብታልብ 12 ጊዜ ነው። በሳምንት 5 ቀን በሥራ ላይ የምትውል ሌላይቱ እናት ግን በ13 ሳምንት 65 ቀን ትለያለች፤ ይህም 130 ጊዜ ማለብ ነው። ለ12 ጊዜ የሚገዛና ለ130 ጊዜ የሚገዛ መሣሪያ አንድ ዐይነት ሊሆን አይገባውም። የዛሬው ትምህርታችን የሚመለከተው በተለይ የፊተኛይቱን እናት ነው።

2ኛ. ከሁሉ በፊት እጅን ስለ ማሠልጠን

አባቶቻችን «ከእጅ አይሻል ዶማ» ብለው የተረቱት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ሥራው የአሥራ ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን የሠለጠነ እጅ ከብዙ መሣሪያ ይሻላል፤ ዋጋ የለውም፣ መብራት አይፈልግም፣ በሳሙናም ወዲያው ይጸዳል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

እናት እጇን በሳሙና በሚገባ ትታጠብ፤ የተቀቀለና ሰፊ አፍ ያለው ኩባያም ታዘጋጅ። በለብታ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ጡቷ ላይ ለጥቂት ደቂቃ አድርጋ በቀስታ ትሽው። ከዚያም አውራ ጣቷን ከጡቱ ጫፍ በላይ፣ ሌሎቹን ጣቶች ከበታች፣ ከጫፉ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርጋ ታኑር። አስቀድማ ወደ ደረቷ ገፋ ታድርግ፤ ቀጥላም ጣቶቿን እርስ በርሳቸው ታቀራርብና ትልቀቅ። እንዲህ እየጫነች እየለቀቀች ትቀጥል። ጣቶቹ በቆዳው ላይ መንሸራተት፣ ጫፉም መጐተት የለበትም። የመጀመሪያው ጠብታ ጥቂት ሊዘገይ ይችላል። አንዱን ጡት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አልባ ፍሰቱ ሲቀንስ ወደ ሁለተኛው ትዛወር፤ እንደገናም ትመለስ። ሥራው በጠቅላላው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል።

ወተት ወደ ውጭ የሚፈሰው ኦክሲቶሲን በተባለ የሰውነት ቅመም ትእዛዝ ነው። ይህም ቅመም በጭንቀትና በኀፍረት ይታገዳል፤ በዕረፍትና ሕፃኑን በማሰብ ግን ይነቃቃል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ጠብታ ብቻ ያገኘች እናት ወተቴ ደረቀ ብላ አትደንግጥ። ከሕፃኗ ከምትለይበት ቀን አንድና ሁለት ሳምንት አስቀድማ ትለማመደው።

3ኛ. በገበያ ስለሚገኙት መሣሪያዎች

የማለቢያ መሣሪያ አዲስ ነገር አይደለም። በአሜሪካ አገር ኦርዌል ኒድሃም የተባለ ሰው በ1854 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። በ1956 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስዊድናዊው መሐንዲስ አይናር ኤግኔል የሕፃኑን አጠባብ በመከተል እየሳበ የሚለቅ፣ የመሳብ ኀይሉም የተወሰነ መሣሪያ ሠራ። ከዚህ የምንረዳው፣ ወተት በኀይል ብዛት ሳይሆን በመሳብና በመልቀቅ ሥርዐት እንደሚገኝ ነው። ኀይለኛ መሣሪያ ጫፉን ያቆስላል እንጂ ወተት አይጨምርም። አሁን የሚገኙት ዐይነቶች አራት ናቸው።

ሀ. የጎማ ፊኛ ያለው። ከላይ ያወሳነው ነው። ወተት ወደ ፊኛው ሊመለስ ይችላል፤ ውስጡ ሊጸዳ አይቻልም፤ የመሳብ ኀይሉንም መመጠን ያስቸግራል። ርካሽ ቢሆንም አይገዛ።

ለ. አንድ ወጥ የሲሊኮን ጽዋ። ከለስላሳ ሲሊኮን የተሠራ፣ ጨመቅ አድርገው ጡት ላይ ሲያስቀምጡት በራሱ የሚጣበቅ ነው። ሕፃኑ አንዱን ጡት ሲጠባ ከሁለተኛው የሚፈሰውን ይሰበስባል። የሚፈታ ክፍል ስለሌለው በአንድ ጊዜ ታጥቦ ይቀቀላል። በእጅ ማለብን ለሚያግዝ ሰው መልካም ነው።

ሐ. በመዳፍ የሚጨበጥ እጀታ ያለው። እናቲቱ እጀታውን ስትጨብጥ ይስባል፤ ስትለቅ ይለቃል። ኀይሉንና ፍጥነቱን ራስዋ ትወስናለች። መብራት አይሻም፤ ድምፁም ዝቅተኛ ነው። መሣሪያ ለመግዛት ለቈረጠችና አልፎ አልፎ ለምትሠራበት እናት ይህን እናስቀድማለን።

መ. በኤሌክትሪክ ወይም በባትሪ የሚሠራው። በየቀኑ ለምትለይ፣ ወይም ሕፃኗ ያለ ጊዜው ተወልዶ መጥባት ላልቻለ እናት ይጠቅማል። ለ12 ጊዜ ግን ዋጋው ከጥቅሙ ይበልጣል፤ መብራት በጠፋ ቀንም ከንቱ ይሆናል።

4ኛ. ሲገዙ ስለሚመረመሩት ነገሮች

አስቀድሞ ሻጩን «ክፍሎቹን ፈታትተህ አሳየኝ» እንበል። ጣት ወይም ትንሽ ብሩሽ የማይደርስበት ጠባብ ስፍራ ካለው እንተወው። በመመሪያው ወረቀት ላይ በፈላ ውሃ ሊቀቀል እንደሚችል የተጻፈ መሆኑን እናንብብ። ይህን የማይችል ፕላስቲክ ለቤታችን አይሆንም።

ቀጥሎ የመሣሪያው አፍ ስፋት ነው። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው 24 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይሁን እንጂ ለሁሉ እናት አይስማማም። የጡቱ ጫፍ ግድግዳውን ሳይፈገፍግ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሊመላለስ ይገባል። ማለብ ሕመም ካመጣ ልኩ አልተስማማም ወይም ኀይሉ በዝቷል። ወተቱን አሳልፎ አየሩን የሚይዘው ትንሽ ቫልቭ ቶሎ የሚቀደድ ስለ ሆነ መለዋወጫው የሚገኝ መሆኑንም እንጠይቅ።

በመጨረሻም ያገለገለ መሣሪያ አንቀበል። ከውጭ አገር ዘመድ የላከው ወይም ጎረቤት የተገለገለችበት የኤሌክትሪክ መሣሪያ ስጦታ መስሎ ይታየናል። ነገር ግን የቀድሞዋ እናት ወተት ወደ ቱቦውና ወደ ሞተሩ ገብቶ ሊቀር ይችላል፤ ያንንም ስፍራ በቤት ውስጥ ማጽዳት አይቻልም። በሆስፒታል ለብዙ እናቶች የሚያገለግሉት ተለይተው የተሠሩ ናቸው።

5ኛ. በደጋ አገር ውሃ ስለ ማፍላት

ከሥራ በኋላ ክፍሎቹ ሁሉ ተፈትተው ወዲያው በውሃ ይለቅለቁ። ለዚሁ ብቻ በተለየ ሳፋ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠቡ፤ ከዚያም በውሃ ውስጥ ጠልቀው ይቀቀሉ። በባሕር ወለል ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ደብረ ብርሃን ግን ከ90 ዲግሪ ብዙም ሳያልፍ ይፈላል። ይህ ሙቀት ሕዋሳትን ለመግደል ይበቃል፤ ሆኖም የተለመደውን 5 ደቂቃ ወደ 10 ብናደርሰው ጥንቃቄ ነው። ጊዜው የሚቈጠረው ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ነው። ዕቃው በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ በነፋስ ይድረቅ እንጂ በነጠላ ጫፍ አይወልወል።

6ኛ. ወተቱን ስለ ማኖርና ስለ ማጠጣት

የታለበ ወተት በተከደነ ንጹሕ ዕቃ ይኑር፤ ሰዓቱም ይጻፍበት። አንዳንድ እናት ወተቷ በሰው ዐይን እንዲታይ አትወድም። ክዳኑ ይህንንም ዝንብንም ይመልሳል። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ጥላ ስፍራ እስከ 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ በስተኋላ በኩል እስከ 4 ቀን ይቆያል። ስለዚህ በደብረ ብርሃን ቤት የሚታመነው 4 ሰዓት ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ቆላ ለወረደ ሰው አይታመንም።

ለማሞቅ ኩባያውን በለብታ ውሃ ውስጥ ማኖር ይበቃል፤ በእሳት ላይ አይጣድ። ቅባቱ ቢንሳፈፍ ዕቃውን በቀስታ ማወዛወዝ ነው። ጡጦ ለማጽዳት ስለሚያስቸግር በትንሽ ኩባያ ማጠጣት ይመረጣል። ሕፃኑን ቀና አድርጎ ይዞ የኩባያውን ጠርዝ ወደ ታችኛው ከንፈሩ ማስጠጋትና ራሱ እንዲጠጣ መተው እንጂ ወደ አፉ ማፍሰስ አይገባም። ከጠጣ በኋላ የተረፈው ከ2 ሰዓት በላይ አይቀመጥ።

ጡቷ ቀልቶ የቈሰለ ወይም ትኩሳት የያዛት እናት መሣሪያ በመለወጥ ጊዜ አታጥፋ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ሕፃኑን ተቅማጥ ከያዘውም እንዲሁ ያለ መዘግየት ይወሰድ፤ ጡት ማጥባቱ ግን አይቋረጥ።

7ኛ. ስለ ሌሎቻችን ድርሻ

ይህ ትምህርት ለእናት ብቻ የተጻፈ አይደለም። የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር መዝጊያ ያለው ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ የእጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና ቢያዘጋጅ፣ 30 ደቂቃም ቢፈቅድ ብዙ ወጪ አይደለም። እናትን ወደ መጸዳጃ ቤት መስደድ የሕፃንን ምግብ በመጸዳጃ ቤት ማዘጋጀት ነው። ባልም ዕቃውን ማጠብና ማፍላት ቢማር ክብሩ አይጐድልበትም።

መምህርቲቱ ፊኛውን ጥላ በእጅ ማለብን በጽሕፈት ቤታችን ተማረች። በሚቀጥለው ጊዜ ለሥልጠና ስትመጣ ከቦርሳዋ ያወጣችው የተቀቀለ፣ ክዳን ያለው ኩባያ ብቻ ነበር።

ለመምህራን የቀረቡ የመወያያ ጥያቄዎች

1. ለ12 ጊዜና ለ130 ጊዜ ሥራ የሚመረጠው መሣሪያ የሚለየው ስለምንድን ነው?
2. የጎማ ፊኛው በየጊዜው እየታጠበ ሳይጸዳ የቀረው ለምንድን ነው?
3. ውሃ በደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ባነሰ ሙቀት የሚፈላው ስለምን ነው?
4. በትምህርት ቤታችን እናት መምህርት ወተቷን የምታልብበት ንጹሕ ስፍራ የት አለ? ከሌለስ የትኛው ክፍል ሊሆን ይችላል?