ትከሻ ላይ የሚሰማ፣ አንገት ላይ የተነሳ ሕመም

እዚህ ደብረ ታቦር «ዶክተር፣ ትከሻዬን ብርድ መታኝ» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ከተማችን 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ብርዱ እውነት ነው፤ ግን ትከሻ ውስጥ አይገባም። ሲበርደን አንገታችንን ቀብረን፣ ትከሻችንን ወደ ጆሮ ሰቅለን እንውላለን። ከራስ ቅል ሥርና ከአንገት አጥንቶች ተነስቶ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ጡንቻ እንደተወጠረ ይውላል፤ ሕመሙ የሚሰማን ግን ትከሻችን ላይ ነው። ጋቢ ተከናንቦ ስልክ ላይ ማቀርቀር ሲጨመርበትማ አይጣል!

ትከሻውን ብቻ አትሹት። አንገታችሁን አሙቁ፤ ጆሯችሁን ወደ ትከሻችሁ ቀስ ብላችሁ አዘንብሉና 20 ሰከንድ ያዙ፣ በሁለቱም በኩል 3 ጊዜ። ወጌሻ አንገታችሁን እንዲያጣምም ግን አትፍቀዱ።

የትከሻ ሕመም፣ በተለይ የግራው፣ ደረት ላይ የመጫን ስሜትና ላብ ካለው ልብ ሊሆን ይችላል፤ ማሸት የለም፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።