ድርብ ክንፍ ያላት አይሮፕላን

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ፖቴዝ 25 የምትባለውን አይሮፕላን ከጅቡቲ አንሥቶ አዲስ አበባ ደረሰ። በሚኤሶ በኩል የሚያልፈው ባቡር ያን ጊዜ ይህንኑ መንገድ በሦስት ቀን ይጨርስ ነበር። ኋላም ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ብቻቸውን ለመብረር በቁ።

እኔን ያስገረመኝ ግን የክንፏ መደረብ ነው። የራይት ወንድማማቾች በ1896 ዓ.ም. ለ12 ሴኮንድ ያበረሯትም እንዲሁ ነበረች። ምክንያቱስ? በጥንቱ ዘመን ክንፍ የሚሠራው ከእንጨትና ከሸራ ስለ ነበረ ብቻውን ቢረዝም ይሰበራል። ሁለቱን ደርበው፣ በመካከላቸው ቋሚ አቁመው፣ በሰያፍ ሽቦ ሲወጥሩት ግን ሳይከብድ ይጠነክራል። የጭቃ ቤት ሠሪም ግድግዳው እንዳይዘም ሰያፍ እንጨት ይመታበት የለምን? ጉዳቱ፣ ቋሚውና ሽቦው ነፋስ እየገታ ፍጥነቷን ይቀንሳል፤ ጠንካራ የአሉሚኒየም ክንፍ ሲገኝ ድርቡ እየቀረ የሄደው በዚህ ነው።