ጊት ወይስ ሰብቨርዥን?

ጥያቄ፦ ጥቂት ሆነን ሶፍትዌር እንሠራለን። የኮዳችንን ለውጥ ለመመዝገብ ጊትን እንምረጥ ወይስ ለመማር ይቀላል የሚባለውን ሰብቨርዥን?

መልስ፦ ጊትን ምረጡ። ምክንያቴ ዝናው ሳይሆን የለውጡ ታሪክ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሰብቨርዥን ሙሉውን ታሪክ የሚይዘው በአንድ ማዕከላዊ ሰርቨር ላይ ስለሆነ፣ ከሰርቨሩ ጋር ያለው ግንኙነት ሲቋረጥ አዲስ ለውጥ መመዝገብም ሆነ የቆየውን ማገላበጥ ይቆማል። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 ለሊኑክስ ከርነል ብሎ የሠራው ጊት ግን ታሪኩን በእያንዳንዳችሁ ኮምፒውተር ላይ ያኖራል። ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓት ትመዘግባላችሁ፣ ቅርንጫፍ ታወጣላችሁ፣ መስመሩ ሲመለስ ትልካላችሁ። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሰርቨሩ ቢበላሽም ከአንዳችሁ ቅጂ ታሪኩን መመለስ ይቻላል።

ጊት ለመማር ይከብዳል የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው፤ የትእዛዞቹ አሰያየም ወጥነት ይጎድለዋል። በዚያው በ2005 የወጣው ሌላው ተመሳሳይ መሣሪያ መርኩሪያል በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ሆኖም የኮድ ማስቀመጫ አገልግሎቱ ቢትባኬት በ2020 ለመርኩሪያል የሚሰጠውን ድጋፍ ስላቋረጠ ማስቀመጫ ማግኘት ከብዷል። የዕለት ሥራ ደግሞ ከጥቂት የጊት ትእዛዞች አያልፍም። አንድ ነገር ግን መልሴን ይለውጠዋል፦ ሥራችሁ በአብዛኛው ሊዋሃዱ የማይችሉ ትልልቅ የምስልና የዲዛይን ፋይሎች ከሆነ፣ አንዱ ሲሠራ ሌላው እንዳይነካው ፋይሉን የሚቆልፈው ሰብቨርዥን ይሻላችኋል።