የግዕዝ ሥርዓት ቅዳሴን በወረርሽኝ ወቅት ዳግም ማስጀመር፦ ከኮልፌ ቀራንዮ አንጻር

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በአዲስ አበባ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ በኋላ የአምልኮ ጉባኤ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሕዝብ ጤና ጥያቄ ሆነ። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉና ሕዝባዊ ስብሰባዎች እንዲቋረጡ ተወሰነ። መጋቢት 30 ቀን የታወጀው የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ። በግዕዝ ሥርዓት ጥንታዊ ደንብ ቅዳሴን የሚያከናውኑት ልኡካን አምስት፣ ማለትም ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት መሆናቸውን ለሚያስታውስ አንባቢ፣ ክልከላው ምእመናን ሳይቆጠሩ ገና ከመቅደሱ ይጀምር ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ስለ መዘጋት ሳይሆን ስለ መከፈት ነው። የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳሳዊ ሀገረ ስብከት የግዕዝን ሥርዓት የምትከተል ናት። በአንጻሩ በወቅቱ ከካቶሊኩ ዓለም የወጡት ዋና ዋና የዳግም መክፈቻ መመሪያዎች የላቲንን ሥርዓት በማሰብ የተዘጋጁ ነበሩ። የሥርዓት ልዩነት ደግሞ የቋንቋና የዜማ ልዩነት ብቻ አይደለም። ሰው ከሰው የሚነካካበት ቦታ፣ ድምፅ የሚወጣበት ጊዜና ሕዝቡ የሚቆምበት ስፍራ ይለያያል። ስለዚህ የአንዱን ሥርዓት የጥንቃቄ ዝርዝር ወደ ሌላው መገልበጥ ያለውን አደጋ ሊስት፣ የሌለውን ደግሞ ሊከለክል ይችላል።

ለንጽጽር የሚያመቸው የጣሊያን ሰነድ ነው። የጣሊያን ጳጳሳት ጉባኤና መንግሥት ሚያዝያ 29 ቀን 2012 ዓ.ም. የተፈራረሙት ፕሮቶኮል ከግንቦት 10 ቀን ጀምሮ ከሕዝብ ጋር መቀደስን ፈቀደ። ሰነዱ ቢያንስ አንድ ሜትር መራራቅን፣ የፊት መሸፈኛን፣ የጸበል ማስቀመጫዎች ባዶ እንዲሆኑ፣ የሰላም መለዋወጫ ምልክት እንዲቀር፣ የመዘምራን ቡድን እንዳይገኝ፣ ቅዱስ ቁርባን የሚያቀብለው አገልጋይም የምእመኑን እጅ ሳይነካ እንዲሰጥ ያዛል። ሕንፃው ለማይበቃበት ቦታ ከደጅ መቀደስን እንደ አማራጭ ያነሣል። ቅድስት መንበር በበኩሏ ስለ ምሥራቅ ሥርዓት አብያተ ክርስቲያናት የትንሣኤ በዓል አከባበር መጋቢት 16 ቀን በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ በኩል የተለየ ማሳሰቢያ አውጥታ ነበር። የእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ነገር በአንድ ወጥ ደንብ እንደማይታሰር ያን ጊዜም የታወቀ ነበር ማለት ነው።

አሁን የጣሊያኑን ዝርዝር ከግዕዝ ቅዳሴ ጋር እናስተያየው። የሰላምታው ጉዳይ ቀላል ነው። በሥርዓቱ ምእመናን ሰላምታ የሚሰጣጡት እጅ በመንሣት ነውና መጨባበጥ በገባባቸው ቁምስናዎች ወደ ጥንቱ መመለስ ብቻ ይበቃል። ዋናው ንክኪ ያለው ከዚያ ውጭ ነው፤ መስቀልና ወንጌል መሳለም፣ የካህኑን እጅ መሳለም፣ በቅዳሴው ፍጻሜ ለቡራኬ ተጠጋግቶ መሰለፍ። እነዚህ በጣሊያኑ ዝርዝር ውስጥ ቦታ የላቸውም። አንድ መስቀል በአንድ ሰንበት በስንት ከንፈር እንደሚሳለም ማሰብ ለጥንቃቄ አውጪው የመጀመሪያ ሥራ መሆን ነበረበት።

ቅዱስ ቁርባንን በእጅ መቀበል ይበልጥ ከባድ ነው። በላቲን ሥርዓት ይህ ቀድሞም የተፈቀደ አማራጭ ስለነበር መመሪያው ከሁለት ልማዶች አንዱን መምረጥ ብቻ ነበረበት። በግዕዝ ሥርዓት ግን ምእመኑ የሚቀበለው በአፉ ነው። ከዚህም በላይ ቅድስት መንበር በ1996 እ.ኤ.አ. ለምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ያወጣችው የሥርዓተ አምልኮ መመሪያ በሥጋውና በደሙ ማቁረብ እንዲጠበቅ፣ ደሙን ትቶ በሥጋው ብቻ የማቁረብ ልማድም ከላቲን ተጽዕኖ የመጣ ስለሆነ እንዲታረም አሳስቧል። በሌላ አነጋገር፣ ለጤና ሲባል የሚወሰደው ቀላሉ እርምጃ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለዓመታት እንድትርቀው የተነገራትን የላቲን መንገድ መልሶ ያመጣል። በጊዜያዊነት ሊፈቀድ አይገባም ማለቴ አይደለም፤ ጊዜያዊነቱ ግን በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። ነሐሴ 9 ቀን 2012 ዓ.ም. የተጻፈው የመለኮታዊ አምልኮ ጉባኤ ኃላፊ የካርዲናል ሮበርት ሳራ ደብዳቤም የንጽሕና ደንቦች የሥርዓቱን ምልክቶች እስከ ማምከን መድረስ እንደሌለባቸው ያስጠነቅቃል።

ከንክኪ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው አየሩ ነው። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ስካጂት አውራጃ መጋቢት 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ለሁለት ሰዓት ተኩል በተደረገ የመዘምራን ልምምድ ላይ ከተገኙት 61 ሰዎች 53ቱ ታመሙ፤ ሁለቱ ሞቱ። የዓለም ጤና ድርጅትም ሐምሌ 2 ቀን ባወጣው ሳይንሳዊ መግለጫ የመዘምራን ልምምድን ጨምሮ በተጨናነቁና አየር በማይዘዋወርባቸው የተዘጉ ቦታዎች በአየር መተላለፍ ሊኖር እንደሚችል አነሣ። የጣሊያኑ ፕሮቶኮል መዘምራንን በማስቀረት ይህን በከፊል መለሰ። የግዕዝ ቅዳሴ ግን መዘምራን ቢቀሩም ዝም አይልም። ካህኑ፣ ዲያቆኑና ሕዝቡ እየተቀባበሉ የሚያዜሙት በመሆኑ የሕዝቡ ድርሻ ራሱ ዜማ ነው። ሕዝቡን ዝም ማሰኘት ቅዳሴውን ግማሽ ማድረግ ነው።

መፍትሔው ከሥርዓቱ ውጭ መፈለግ የለበትም ብዬ አምናለሁ። በሀገራችን ምእመን ከሕንፃው ውጭ፣ በቅጽሩ ውስጥ ቆሞ ማስቀደሱ ነውር ሆኖ አያውቅም፤ የድምፅ ማጉያውም ቀድሞ የተተከለ ነው። በጣሊያን ሰነድ የመጨረሻ አማራጭ የነበረው ደጅ በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል።

ነገሩን በኮልፌ ቀራንዮ እንመዝነው። ክፍለ ከተማው በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 428,895 ነዋሪዎች ነበሩት። በዚያው ቆጠራ በአዲስ አበባ የካቶሊካውያን ድርሻ 0.48 በመቶ ነበር። የከተማውን አማካይ ወስደን ብናሰላ በክፍለ ከተማው ከ2,000 ጥቂት የሚበልጡ ካቶሊካውያን ይገኛሉ፤ ይህ ግምት እንጂ ቆጠራ አይደለም። ከእነዚህ 400ው ብቻ በአንድ ሰንበት ወደ አንድ ቁምስና ቢመጡስ? 200 ካሬ ሜትር በሆነ አዳራሽ፣ በተለምዶ «ሁለት የአዋቂ እርምጃ» የሚባለውን ርቀት በሁለት ሜትር ብንወስድ፣ ለአንድ ሰው አራት ካሬ ሜትር ያስፈልጋል፤ የሚይዘው 50 ሰው ነው። 400 ምእመናን ስምንት ቅዳሴ ይሻሉ። በአንድ ታቦት በአንድ ቀን አንድ ቅዳሴ ብቻ በሚለው ጥንታዊ ልማድ ይህ የማይታሰብ ነው። ልማዱ ላልቶ ሁለት ወይም ሦስት ቢፈቀድም አይደርስም። ቅጽሩ ካልተጨመረ ስሌቱ አይገጥምም።

ቅጽሩ ግን ክረምትን አያውቅም። ኮልፌ በከተማዋ ምዕራባዊ ዳርቻ ያለ ብርዳማ አካባቢ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ሕዝቡን ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ብርዱ መስኮት ያዘጋል። በሽታው በአዲስ አበባ በ2012 ዓ.ም. የበረታውም በእነዚሁ ወራት ነበር። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ያበቃው በጳጉሜን መዳረሻ መሆኑ ለደጅ ቅዳሴ የተመቸ አጋጣሚ ነበር፤ ለቀጣይ ወረርሽኝ ግን አጋጣሚን መጠበቅ አይቻልም። ለቅጽር የሚሆን ሸራ ወይም ጎኑ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ዳስ ከሙቀት መለኪያ መሣሪያ በፊት በበጀት መያዝ ያለበት ይመስለኛል።

ሌላው የአካባቢው እውነታ ዘነበወርቅ ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው አለርት በዚሁ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሲሆን፣ በዙሪያው ከሥጋ ደዌ የዳኑ በርካታ ሰዎች ከነቤተሰቦቻቸው ይኖራሉ። በሽታው ጣቶቻቸውን ለጎዳባቸው ሰዎች ቁርባንን በመዳፍ መቀበል፣ የመሸፈኛ ማሰሪያን ፈትቶ መልሶ ማሰር፣ እጅን በአልኮል ማሸት ለሌላው እንደሚሆነው ቀላል አይደለም። ስሜት በሌለው ቆዳ ላይ ቁስል ቢኖር አልኮሉ መኖሩን አያሳውቃቸውም። ከአንድ ቁምስና ምእመናን መካከል እንዲህ ያሉ አምስት ሰዎች ቢኖሩ «በእጅ ብቻ» የሚል ደንብ በተግባር እነርሱን ለይቶ ያስቀራል፤ በበሽታ ምክንያት ተለይቶ መቅረትን ደግሞ ቀድሞም አይተውታል። ለእነርሱ ካህኑ በመጨረሻ፣ እጁን ታጥቦ፣ አንድ በአንድ በአፋቸው እንዲያቀብላቸው መደንገግ ይቻላል። ይህን ሊጽፍ የሚችለው ምእመናኑን በስም የሚያውቀው የቁምስናው ቆሞስ ስለሆነ፣ የሀገረ ስብከቱ መመሪያ ሥልጣኑን በግልጽ ሊሰጠው ይገባል።