አንድ መስመር፣ ብዙ ተከራይ፦ የጋራ ዋይፋይን ደኅንነት እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

ቤት ተጋርቶ መኖር በውጭ አገር ለሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን የተለመደ ነው። ኪራዩን እንደሚካፈሉት ሁሉ የኢንተርኔቱንም ክፍያ ይካፈላሉ። ከአገልግሎት ሰጪው ኩባንያ ጋር በተፈረመው ውል ላይ የሚሰፍረው ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ በመስመሩ በኩል ሕገ ወጥ ድርጊት ቢፈጸም በቅድሚያ የሚፈለገው እርሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 የጀርመን ፌዴራል የፍትሕ ፍርድ ቤት የተመለከተው ጉዳይ ይህንኑ ያሳያል። አንድ ሙዚቃ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ በአንድ ግለሰብ የኢንተርኔት መስመር በኩል ተሰራጭቶ ነበር። ግለሰቡ በዚያን ጊዜ ለዕረፍት ከቤቱ ርቆ ስለነበር ካሳ እንዲከፍል አልተፈረደበትም። ሆኖም ዋይፋዩ ከፋብሪካ በመጣበት ይለፍ ቃል እንዲሠራ በመተዉ፣ ባለመብቱ ለማስጠንቀቂያ ያወጣውን ወጪ ሊጠየቅ እንደሚችል ተወሰነ። ጀርመን ይህን ዓይነቱን ተጠያቂነት በ2017 ባደረገችው የሕግ ማሻሻያ አስቀርታለች። ይሁን እንጂ በራሱ መስመር ሌላ ሰው ባደረገው ነገር ጥያቄ እንዲቀርብለት የሚፈልግ የለም።

ራውተር ምን ይሠራል?

ከመንገድ ወደ ቤት የሚገባውን ምልክት የሚቀበለው መሣሪያ ሞደም ይባላል። ራውተር ደግሞ ያንን አንድ መስመር ለስልኮች፣ ለኮምፒውተሮችና ለቴሌቪዥኖች የሚያከፋፍለው ነው። ብዙ ኩባንያዎች ሁለቱን በአንድ ሣጥን አዋሕደው ይሰጣሉ።

አሠራሩን ለመረዳት በኢትዮጵያ የሚታወቀውን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ማሰብ ይረዳል። ለአንድ መሥሪያ ቤት የሚላክ ደብዳቤ ሁሉ ወደ አንድ ቁጥር ይደርሳል፤ የትኛው ደብዳቤ የማን እንደሆነ ለይቶ የሚያድለው መዝገብ ቤቱ ነው። ራውተርም እንዲሁ ነው። ኩባንያው ለቤቱ በአብዛኛው አንድ የአይፒ አድራሻ ይሰጣል። ራውተሩ በበኩሉ በቤቱ ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ መሣሪያ እንደ 192.168.1.10 ያለ የውስጥ አድራሻ ያድላል፤ የትኛው መልስ ለማን እንደሆነም ይመዘግባል። በዚህ ምክንያት ከውጭ ሆኖ ለሚመለከት ስድስቱም ተከራዮች አንድ ሰው ይመስላሉ።

ሁለት ቁልፎች፣ ሁለት በሮች

ብዙ ሰው ራውተር ሁለት የተለያዩ ይለፍ ቃሎች እንዳሉት ልብ አይልም። አንደኛው ከዋይፋይ ጋር ለመገናኘት የሚያገለግለው ነው። ሁለተኛው የራውተሩን ቅንብር ለመለወጥ የሚያስፈልገው የአስተዳዳሪው ይለፍ ቃል ነው። የመጀመሪያው ለተከራዮች ይሰጣል፤ ሁለተኛው ግን ከውሉ ባለቤት እጅ መውጣት የለበትም።

ወደ ቅንብሩ ለመግባት ከራውተሩ ጋር በተገናኘ ኮምፒውተር ወይም ስልክ የኢንተርኔት ማሰሻውን ከፍቶ በራውተሩ ጀርባ ወይም ግርጌ የተለጠፈውን አድራሻ መጻፍ ያስፈልጋል። አድራሻው ብዙውን ጊዜ 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1 ነው። ከዚያም ከፋብሪካ የመጡት ሁለቱም ይለፍ ቃሎች ይለወጣሉ።

ይህን ቸል ማለት የሚያስከትለው ጉዳት በ2016 በግልጽ ታይቷል። ሚራይ የተባለው ጎጂ ሶፍትዌር ከፋብሪካ የወጡ 60 ያህል የተጠቃሚ ስምና ይለፍ ቃል ጥምረቶችን እየሞከረ በዓለም ዙሪያ ወደሚገኙ ካሜራዎችና ራውተሮች ገባ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን እነዚህ መሣሪያዎች ዳይን በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ላይ በአንድነት በከፈቱት ጥቃት ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ታላላቅ አገልግሎቶች ለሰዓታት ተስተጓጎሉ። የካሜራዎቹና የራውተሮቹ ባለቤቶች ንብረታቸው የጥቃት መሣሪያ መሆኑን አላወቁም። ከዚያ ወዲህ የካሊፎርኒያ ግዛት ከ2020፣ ብሪታንያም ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ፣ ለሁሉም መሣሪያዎች አንድ ዓይነት የሆነ በቀላሉ የሚገመት ይለፍ ቃል ይዞ መሸጥን በሕግ ከልክለዋል። ቀደም ብለው የተገዙ መሣሪያዎች ግን ዛሬም በየቤቱ አሉ።

ምስጠራውን መምረጥ

በቅንብሩ ውስጥ የዋይፋይ ምስጠራ ምርጫዎች ይገኛሉ። ደብሊው ኢ ፒ የተባለው ጥንታዊው ዘዴ ሊሰበር እንደሚችል ከ2001 ጀምሮ ስለሚታወቅ ፈጽሞ መመረጥ የለበትም። በ2018 ይፋ የሆነው ደብሊው ፒ ኤ 3 የተሻለው ነው፤ ራውተሩ ይህ ከሌለው ደብሊው ፒ ኤ 2 ይመረጣል።

በጋራ ቤት ውስጥ የሁለቱ ልዩነት ቀላል አይደለም። በደብሊው ፒ ኤ 2 የተለመደ የቤት አሠራር፣ ይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው የሌላው ተከራይ ስልክ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ የሚለዋወጡትን ምልክት ከቀዳ፣ በዚያ ግንኙነት የሚያልፈውን መረጃ ሊፈታ ይችላል። የባንክና የገንዘብ መላኪያ ድረ ገጾች የራሳቸው ተጨማሪ ምስጠራ ስላላቸው ይዘታቸው አይታይም፤ የትኛው ድረ ገጽ እንደተጎበኘ ግን ሊታወቅ ይችላል። ደብሊው ፒ ኤ 3 ለእያንዳንዱ ግንኙነት ከይለፍ ቃሉ ብቻ ተነሥቶ ሊገኝ የማይችል ቁልፍ ስለሚፈጥር ይህን ክፍተት ይዘጋል።

ደብሊው ፒ ኤስ የተባለውን ያለ ይለፍ ቃል በአጭር ቁጥር የማገናኛ ዘዴ መዝጋትም ይገባል። ቁጥሩ ባለ 8 አኃዝ ቢሆንም ራውተሩ በሁለት ከፍሎ ስለሚያረጋግጠው 11,000 ሙከራ ብቻ እንደሚበቃ በ2011 ተደርሶበታል። እንደዚሁም ራውተሩን ከቤት ውጭ ሆኖ ማዘዝ የሚያስችለው አማራጭ የማያስፈልግ ከሆነ ይዘጋ።

ለእንግዳ የተለየ ክፍል

አብዛኞቹ ዘመናዊ ራውተሮች የእንግዳ ኔትወርክ አላቸው። ይህ ኔትወርክ የራሱ ስምና ይለፍ ቃል ያለው ሲሆን፣ ተጠቃሚው ኢንተርኔት ያገኛል እንጂ በዋናው ኔትወርክ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮችንና ማተሚያዎችን አያይም። ለጥቂት ቀናት የሚመጡ ጎብኚዎች፣ ካሜራዎች፣ እንዲሁም ከማን እንደተሠሩ በውል የማይታወቁ የቴሌቪዥን ሣጥኖች በዚህ በኩል ቢገናኙ ይመረጣል።

የራውተሩን ሶፍትዌር ማደስም አይዘንጋ። በ2018 ቪፒኤን ፊልተር የተባለ ጎጂ ሶፍትዌር በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 የሚሆኑ ራውተሮችንና መሰል መሣሪያዎችን መበከሉ ሲታወቅ፣ የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ ባለቤቶች ራውተራቸውን አጥፍተው እንዲያበሩ ጠይቆ ነበር። ራውተሩ በራሱ የሚታደስበት አማራጭ ካለ መክፈት፣ አምራቹ ማደስ ያቆመውን መሣሪያ ደግሞ መቀየር ይበጃል።

ተከራይ ሲለቅ

በጋራ ቤት ውስጥ አንድ ተከራይ ሲለቅ የበሩን ቁልፍ ይመልሳል። ይለፍ ቃል ግን ተመላሽ አይሆንም፤ በለቀቀው ሰው ስልክ ውስጥ ተመዝግቦ ይቀራል፤ ከወዳጆቹም ወደ አንዱ ተላልፎ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ከቤቱ ሰው በወጣ ቁጥር የዋይፋዩን ይለፍ ቃል መለወጥ ባለመተማመን የሚደረግ ሳይሆን የቤቱ ደንብ ሊሆን ይገባል። ሥራው ጥቂት ደቂቃዎችን ብቻ ይወስዳል፤ ይህን ማድረግ፣ አበው እንደሚሉት፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።