የባሌ ቀበሮ ስለ ምን ጥቂት ሆነ?

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የአርት ፋኩልቲ ተማሪ መሆኑን አስቀድሞ ቢናዘዝ ይሻላል። የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ስሕተት ቢያገኙ በሚቀጥለው እትም ያርሙኝ።

ነገሩ የተነሣው በምግብ አዳራሽ ነው። አንድ ጓደኛችን «በባሌ ተራራ አይጡና ፍልፈሉ እንዲያ ሲበዛ፣ እሱን የሚበላው ቀይ ቀበሮ ግን በአገሩ ሁሉ ተቈጥሮ 500 ገደማ ብቻ የሆነው ስለ ምንድን ነው? ምግብ ሞልቶለት የለምን?» ሲል ጠየቀ። የምንመልሰው ስላጣን እኔ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ።

መልሱ የሚጀምረው ከፀሐይ ነው። ሣር ከፀሐይ ብርሃን ጥቂቱን ይዞ ምግብ ያደርገዋል፤ ከዚያም ላይ ለራሱ መኖሪያ ያወጣል። ፍልፈል ሣሩን ይበላል፣ ቀበሮ ፍልፈሉን ይበላል፤ በየደረጃው ግን የሚበዛው ኀይል በመተንፈስ፣ በመሮጥና በመቈፈር ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ፋንድያና ሬሳ በስብሶ አፈር ይሆናል፣ ተመልሶም ሣር ያበቅላል። የወጣው ሙቀት ግን አይመለስም።

ይህን በሒሳብ ለማሳየት ከጀመሩት አንዱ ሬይመንድ ሊንደማን የተባለ አሜሪካዊ ነው። በሚኔሶታ አንዲት ትንሽ ረግረጋማ ሐይቅ ለዓመታት መርምሮ የጻፈውን ገምጋሚዎች በመጀመሪያ አልተቀበሉትም ነበር። በ1942 እ.ኤ.አ. ታትሞ ሲወጣ እሱ ከጥቂት ወራት በፊት በ26 ዓመቱ ሞቶ ነበር። ዕድሜው ከእኛ ዕድሜ ብዙም አይርቅምና ነገሩ ልቤን ነካው።

ሃዋርድ ኦዱም ደግሞ በፍሎሪዳ የሲልቨር ስፕሪንግስን ምንጭ ለክቶ በ1957 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በአንድ ካሬ ሜትር በዓመት ዕፀዋቱ የሠሩት 20,810 ኪሎ ካሎሪ ነው። ከዚህ ወደ ዕፀ በሎቹ የገባው 3,368፣ ወደ ሥጋ በሎቹ 383፣ ከሁሉ በላይ ወዳሉት አዳኞች 21 ብቻ ነው። «ከየደረጃው ወደ ላይ የሚያልፈው አንድ ዐሥረኛው ነው» እያልን ለፈተና የምንሸመድደው ሕግ አይደለም ማለት ነው። በዚህ ምንጭ አንድ ጊዜ 16፣ አንድ ጊዜ 11፣ አንድ ጊዜም 5 ከመቶ ያህል ሆኗል።

የባሌው ሂሳብ ከዚህ የባሰ ጠባብ ነው። ደመ ሞቃት አጥቢ እንስሳ ከምግቡ ወደ ሰውነቱ ካስገባው ኀይል ሥጋ የሚሆነው ከ1 እስከ 3 ከመቶ ገደማ ነው፤ የቀረውን ሰውነቱን ለማሞቅና ለመኖር ያነደዋል። በሰነቴ አምባ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ብርዱን የቀመሰ ይህን ይረዳል። ስለዚህ አንድ ቀበሮ ለማቆም እጅግ ብዙ ፍልፈል፣ ለፍልፈሉም ሰፊ ሣር ያስፈልጋል። ከላይ ያሉት ጥቂቶች ስለሆኑም አንድ በሽታ ይበቃቸዋል፤ በ2003 እ.ኤ.አ. የውሻ ዕብደት በወይብ ሸለቆ ገብቶ ከቀበሮዎቹ ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ፈጅቷል።

ያንኑ ሣር ከብትም ይግጠዋል። ላም የበላችውን ፍልፈል አይበላውም። ይህን በምግብ አዳራሹ ሳስረዳ ጠያቂው ጓደኛችን «እንግዲያው ከብቱ ይውጣ!» አለ። ከባሌ የመጣ አንድ ባልንጀራችን ግን እስከዚያ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቈይቶ ማንኪያውን አስቀመጠና «የአባቴ ላሞች ወዴት ይሂዱ? እኔን እዚህ ያስተማረኝ ወተታቸው ነው» አለው።

ጥያቄው ለግብርናና ለሕግ ተማሪዎች ተላልፏል። መልስ ያለው ጽሑፉን ለአዘጋጆቹ ይስጥ።