ድጥና ማጥ

«ከድጡ ወደ ማጡ» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ፊደል ቆጥረን ከጨረስን በኋላ ለንባብ ልምምድ በሰሌዳ ላይ የጻፍነው የመጀመሪያው ተረት ይኸው ነበር። ፊደሎቹ ሁሉ የታወቁ ናቸውና ክፍሉ በአንድ ድምፅ አነበበው። ቀጥለን «በድጥና በማጥ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?» ብለን ስንጠይቅ ግን እኛ አስተማሪዎቹ ራሳችን መልሱን በደንብ አናውቀውም ነበር። ከተማ ያደግን ተማሪዎች ነን፤ ለእኛ ሁለቱም ጭቃ ነው።

መልሱን የሰጡን ከኋላ የሚቀመጡት ሽማግሌ ተማሪያችን ናቸው። «ልጆቼ፣ ድጥ ያንሸራትታል፤ ማጥ ይውጣል። ድጥ ላይ እግር አይቆምም፤ ማጥ ውስጥ የገባ እግር አይወጣም» አሉን። ይህን ደብተራችን ላይ ጻፍነው። ሳምንት ሳይሞላ እንደሚያስፈልገን ማን ያውቃል!

የምናስተምረው በሰሜን ሸዋ፣ በእነዋሪ አካባቢ ነው። አገሩ ሜዳ፣ አፈሩ ዋልካ ነው። ይህ ጥቁር አፈር በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሔክታር በላይ ይሸፍናል። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲጠጣ ደግሞ ያብጥና ውኃ አላሳልፍ ይላል። የእነዋሪ ገበሬ ይህን ጠባይ ስለሚያውቅ ቤተሰቡን ይዞ በእጅ መደብ ያወጣል፤ ውኃው በመደቦቹ መካከል ተንፎ ይሄዳል፤ እርሱም ስንዴውን ይዘራል። ማሳው ላይ አፈሩን አሸንፎታል። መንገዱ ላይ ግን ገና ነው።

በሐምሌ ወር አንድ ማለዳ ክፍላችን አጠገብ ባለው መታጠፊያ አንድ የክትባት ሠራተኛ ከነሞተሩ ወደቀ። ሌሊት ዘንቦ ጠዋት ፀሐይ ወጥቷል። መንገዱ ጠጠር የለበሰ ስለሆነ የደረቀ ይመስላል። ነገር ግን መታጠፊያው ላይ ከብቶች ወደ ውኃ ሲወርዱ መንገዱን ያቋርጣሉ፤ በሰኮናቸው ከማሳው የያዙትን ዋልካ ጠጠሩ ላይ ለጥፈውት ነበር። ውፍረቱ ከእንጀራ አይበልጥም። ሠራተኛው ታጥፎ ሲመጣ ድንገት አየው፤ ደነገጠ፤ በቀኝ እጁ የፊት ፍሬን ጨምድዶ ያዘ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማየት እንኳ ጊዜ አልነበረንም። ሞተሩ በጎኑ ተጋድሞ እየተፋተገ ሲሄድ፣ ሰውየው ደግሞ ለብቻው ሌላ አቅጣጫ ሲንከባለል ብቻ አየን።

ሮጠን ደረስን። ትከሻው አካባቢ አጥንቱ ተሰብሯል። የራስ መከላከያ ቆቡ፣ ሄልሜት የሚባለው፣ በአንድ ጎኑ ተልጧል። እርሱ ግን በመጀመሪያ የጠየቀን ስለ ራሱ አልነበረም፤ «ሳጥኑ ተከፍቷል ወይ?» አለን። የክትባት መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ቅዝቃዜ ካልተጠበቀ ኃይሉን ያጣል። ሳጥኑ አልተከፈተም። ማዶ ባለው ቀበሌ እናቶች ሕፃናት አዝለው ከማለዳ ጀምሮ እየጠበቁ ነበር። ሳጥኑን ተማሪዎቻችን በበቅሎ ጭነው ለጤና ባለሙያዋ አደረሱላት። ሰውየውን በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ ተሸከምነው።

በማግሥቱ ክፍል ስንገባ ስለ ሌላ ነገር ማስተማር አልተቻለም። ሁሉም «ለምን ወደቀ?» ይላል። አንዳንዱ ፍጥነት ነው አለ፤ አንዱ ደግሞ ቀኑ ነው አለ። እስቲ አብረን እንየው።

ጎማ መሬት የሚይዘው በሰበቃ ነው። ሰበቃ ማለት ሁለት ነገሮች ሲነካኩ አንዱ ሌላውን «አትንሸራተት» ብሎ የሚይዝበት ኃይል ነው። የሞተር ብስክሌት ጎማ መሬቱን የሚነካው በመዳፍ ስፋት ያህል ብቻ ነው። መኪና እንዲህ ያለ መዳፍ አራት አለው፤ ሞተር ግን ሁለት። ከሁለቱ አንዱ ከከዳው አለቀ። በጎማውና በጠጠሩ መካከል እርጥብ ዋልካ ሲገባ ጎማው ጠጠሩን አይነካም፤ የሚነካው ጭቃውን ነው፤ ጭቃው ደግሞ ራሱ ይንሸራተታል። በዚያ ላይ ፍሬን ተይዞ ጎማው መሽከርከሩን ካቆመ መሪው ወደየትም ቢዞር ሞተሩ አይታዘዝም። የክትባት ሠራተኛውን የጣለው ይኸው ነው። ሞተሩ ለመታጠፍ ወደ ጎን አዘንብሎ ሳለ የፊት ጎማው ቆመ።

አሁን ደግሞ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሴኮንድ 11 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሰው አደጋ አይቶ እጁ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሴኮንድ ያህል ያልፋል። ስለዚህ ገና ምንም ሳይደረግ 11 ሜትር አለቀ። ከዚያ በኋላ በደረቅ አስፋልት ለመቆም 9 ሜትር ያህል ይበቃዋል እንበል። የመሬቱ አያያዝ በግማሽ ሲቀንስ ግን 18 ሜትር ይፈልጋል። ጠቅላላው 29 ሜትር ሆነ ማለት ነው። በዚያው ድጥ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድስ? ጠቅላላው 10 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ቀነሰ፤ ርቀቱ ግን ወደ ሲሶ ወረደ። ምክንያቱም ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ሒሳብ ሰሌዳ ላይ ስንሠራ መታጠፊያውን በእርምጃ ለክተን ነበር፤ ነጂው ጭቃውን ካየበት ቦታ እስከ ጭቃው 15 እርምጃ አይሞላም።

እንግዲህ ነጂው ምን ማድረግ ነበረበት? መጀመሪያ ነገር፣ ማየት በማይቻልበት መታጠፊያ ዘገም ብሎ መግባት። ይህ ሲባል ቀላል ነው። ድጡ ድንገት ከመጣ ግን የሚያድነው የእጅ ልስላሴ ነው። ጋዙን ቀስ አድርጎ መልቀቅ ነው እንጂ በድንገት መዝጋት አይደለም። ከድጡ በፊት ደረቅ መሬት ካለ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ሁለቱንም ፍሬን እዚያው መያዝ፣ ድጡ ላይ ሲደርሱ የፊቱን መልቀቅ ነው። የፊት ጎማ ተንሸራተተ ከተባለ ፍሬኑ ወዲያው መለቀቅ አለበት። የኋላው ለየት ይላል፤ ጎማው ቀጥ እንዳለ ከሆነ ቀስ ብሎ መልቀቅ ይቻላል፤ ወደ ጎን ከወጣ በኋላ በድንገት ቢለቀቅ ግን ጎማው በአንዴ መሬት ይይዝና ነጂውን እንደ ፈረስ አሽቀንጥሮ ይጥለዋል። እንዲህ ከሆነ እስኪቆም ድረስ እንደያዙ መቆየት ይሻላል።

ዓይንም ሥራ አለው። ሰው ጭቃውን ትኩር ብሎ ካየ ሞተሩ ወደ ጭቃው ይሄዳል። መታየት ያለበት መውጫው ነው። ክንድ ደግሞ መገተር የለበትም። ይህን ስንናገር ሽማግሌው ተማሪያችን ሳቁብን። «የበቅሎ ነገር እኮ ነው! በድጥ ላይ ልጓም ከሳብክባት ትወድቃለች፤ አንገቷን ልቀቅላት፣ እግሯን እርሷ ታውቃለች» አሉ። እውነትም ያው ነው። የሚሄድ ሞተር በራሱ መቆም ይፈልጋል፤ አንቆ የሚይዘው ነጂ ነው የሚጥለው።

ይህ ሁሉ ለድጥ ነው። ለማጥ ግን ሥርዓቱ ሌላ ነው፤ ተረቱም ሁለቱን የለየው ያለ ነገር አይደለም። ማጥ ውስጥ መሐል ላይ ጋዝ የለቀቀ ሰው እዚያው ይቀራል። ከመግባት በፊት ማርሹን ዝቅ አድርጎ፣ ሳይቸኩሉና ሳይቆሙ በአንድ ዓይነት ጉልበት ማለፍ ያስፈልጋል። የዋልካ ክፋቱ ደግሞ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል እየተጠቀጠቀ መሙላቱ ነው። ሞልቶ ሲጠብቅ ጎማው አይዞርም። በእንጨት ፈልቅቆ ማውጣት እንጂ በጋዝ ማጓራት ፍሪሲዮን ያቃጥላል። ጥልቀቱ ያልታወቀ ውኃ ሲገጥም ወርዶ በእግርና በዱላ መለካት ነው፤ ይህን የሚያፍርበት ነጂ አይተናል፤ ሞተሩን በገመድ ስናወጣለት አላፈረም።

ከተማ ለሚሄዱት ስለ አስፋልት ጥቂት እንበል። አስፋልት በጣም የሚያንሸራትተው ከብዙ ድርቅ በኋላ ዝናብ በጀመረባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች ነው፤ አቧራውና ከመኪና የተንጠባጠበው ዘይት ከውኃው ጋር ተቀላቅሎ ይንሳፈፋል። ረዘም ላለ ጊዜ ሲዘንብ ታጥቦ ይሻላል። ናፍጣ የፈሰሰበት ቦታ እንደ ቀስተ ደመና ያብለጨልጫል፤ ይሸታልም። የእግረኛ መሻገሪያ ቀለም፣ የብረት ድልድይና ሐዲድ ሲርሱ እንደ ሳሙና ናቸው። ሐዲድን አቋርጦ እንጂ አብሮ እየሄዱ መሻገር ጎማን ያስበላል። በአንዳንድ አገር በመከር ጊዜ አስፋልት ላይ እህል የማስጣት ልማድ አለ፤ ጭዱና ፍሬው ከጎማ ሥር እንደ ኳስ ይንከባለላል።

እዚህ ላይ አንዲት ተማሪያችን እጇን አወጣች። «እኛ ሞተር የለን፤ ይሄን ለምን እንማራለን?» አለች። ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ትንሽ ያሳፍራል። ያንን ዋልካ መንገዱ ላይ ያወጡት የእኛው ከብቶች ናቸው። እኛም ብንሆን በየጠዋቱ እየረገጥነው ስንሻገር ሰው ይጥላል ብለን አላሰብንም። ሳጥኑ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ሳይከተብ የሚመለሰው የእርሷም ልጅ ነበረ።

ለወደቀ ሰው የሚደረገውም የሞተረኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ መንገድ ዳር ያለ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። በመጀመሪያ ሌላ መኪና እንዳይደርብ ከመታጠፊያው ወዲያና ወዲህ ቅጠል መጣል ነው፤ ይህን ልማድ የአገራችን ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። ሞተሩን ማጥፋት፤ ቤንዚን ሊፈስ ስለሚችል ሲጋራና ክብሪት ማራቅ። ሰውየው የሚተነፍስ ከሆነ ቆቡን ጎትቶ ማውለቅ አይገባም፤ አንገቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። እኛ ልናወልቅለት እጃችንን ስንዘረጋ ራሱ ነው «ተዉት» ያለን። ስለ ቆቡ ካነሣን አይቀር፣ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ ሄልሜት የሚያደርግ ሞተረኛ በአደጋ የመሞት ዕድሉ በ42 ከመቶ፣ ራሱ ላይ የመጎዳት ዕድሉ በ69 ከመቶ ያህል እንደሚቀንስ ተገኝቷል። ብዙ ሰው ቆቡን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ይሄዳል፤ ክንድ ግን አእምሮ የለውም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከክፍል በኋላ አካፋና ዶማ ይዘን ወጣን። ከመንገዱ በላይ ቦይ ተቀደደ፤ የከብቶቹ መሻገሪያ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጠፈ። ሰኮናቸው ጭቃውን መንገድ ላይ ሳይደርስ እንዲያራግፍ ከዳር ባለው ማሳ በኩልም ጠጠር ፈሰሰ። ሥራው ፍጹም አይደለም፤ ብዙ ሲዘንብ ቦዩ ይደፈናል፤ እንደገና ይጠረጋል።

ሽማግሌው ደግሞ ከቤታቸው አሮጌ ጣውላ አምጥተው «ጽሑፉን እኔ እጽፈዋለሁ» አሉ። በከሰል «ድጥ አለ ቀስ በል» ብለው ጽፈው ከመታጠፊያው በፊት ተከሉት። ማታውን ዝናብ አጠበው። እሑድ ዕለት የቆርቆሮ ቀለም ለምነው መልሰው ጻፉት፤ በዚህኛው ጊዜ «በል» የሚለውን ሰርዘው «ይበሉ» አደረጉት። ለምን ብለን ስንጠይቃቸው «የሚያልፈውን ሰው አላውቀው፤ በአክብሮት መጻፍ አይሻልም?» አሉን።